የጨጓራና የአንጀት መበሳት፦ ሰዓታት የሚወስኑት ድንገተኛ ሕመም

የሆድ ሕመም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕመም ነው። ከምግብ በኋላ የሚመጣ ቃጠሎ፣ በጾም ሰዓት የሚሰማ ቁርጠት፣ ከጉዞ በኋላ የሚከተል ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ በእረፍትና በቀላል መድኃኒት ያልፋል። በዚህ ልማድ የተነሣ ብዙ ሰዎች ሆዳቸውን ሲያማቸው «ጨጓራዬ ነው» ብለው የለመዱትን ኪኒን ይውጣሉ፤ ሥራቸውን ይቀጥላሉ ወይም እስኪነጋ ይጠብቃሉ።

ከሆድ ሕመሞች መካከል ግን እስኪነጋ ሊጠበቅ የማይገባው አንድ አለ። ይኸውም የጨጓራ ወይም የአንጀት ግድግዳ ተበስቶ በውስጡ ያለው አሲድ፣ ምግብና ሰገራ ወደ ሆድ ዕቃ ሲፈስ የሚከሰተው ነው። ይህ ሁኔታ በሐኪሞች ዘንድ ከቀዶ ሕክምና ድንገተኛ ሕመሞች መካከል ከፍተኛ ቦታ የሚሰጠው ነው። በወቅቱ የተደረሰበት ታካሚ ብዙውን ጊዜ ድኖ ወደ ሥራውና ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፤ የዘገየ ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የሚለካው በሰዓታት ነው።

በሆድ ውስጥ ምን ይፈጠራል?

የምግብ መተላለፊያው ከአፍ ጀምሮ እስከ ፊንጢጣ የሚደርስ አንድ ረጅም ቧንቧ ነው። ጉሮሮን ተከትሎ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ፣ ጨጓራ፣ ትንሹ አንጀትና ትልቁ አንጀት ሁሉም የዚሁ ቧንቧ ክፍሎች ናቸው። በአዋቂ ሰው ትንሹ አንጀት ብቻ 6 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈው ነገር ሁሉ፣ ማለትም የጨጓራ አሲድ፣ ሐሞት፣ ያልተፈጨ ምግብና ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች፣ በቧንቧው ውስጥ እስካለ ድረስ ጉዳት አያደርስም። እንዲያውም ለሰውነት አስፈላጊ ነው።

ከቧንቧው ውጭ ያለው የሆድ ዕቃ ግን ከዚህ የተለየ ዓለም ነው። ቀጭንና እርጥብ በሆነ ሽፋን የተለበጠ፣ ከባክቴሪያ የጸዳ ስፍራ ነው። በቧንቧው ግድግዳ ላይ የጥቂት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ እንኳ ሲከፈት አሲዱና ሐሞቱ ወደዚህ ስፍራ ፈስሰው ሽፋኑን ያቃጥሉታል። ሽፋኑ በነርቭ የተሞላ በመሆኑ ሕመሙ እጅግ የበረታ ነው። በቀጣዮቹ ሰዓታት ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ የሆድ ዕቃው ሽፋን ይቆጣል፤ መግልም ይጠራቀማል። ኢንፌክሽኑ መላ ሰውነትን ሲያውክ ሴፕሲስ የተባለው አደገኛ ሁኔታ ይከተላል። በዚህ ጊዜ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል፤ ሳንባና ልብም ይዳከማሉ። ሞት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከቀዳዳው ራሱ ሳይሆን ከዚህ መዘዝ ነው።

የመበሳት መንስኤዎች

በአዋቂዎች ላይ በብዛት ከሚታዩት መንስኤዎች መካከል የመጀመሪያው የጨጓራና የትንሹ አንጀት መነሻ ቁስለት ነው። ለረጅም ጊዜ ይህ ቁስለት ከጭንቀትና ከሚያቃጥል ምግብ ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ይህ እምነት የተለወጠው በሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች በሮቢን ዋረንና በባሪ ማርሻል ሥራ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 ከታካሚዎች ጨጓራ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ማሳደግ ቻሉ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው መቆጣቱን በማሳየት ማስረጃውን አጠናከረ። ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ባክቴሪያው በኢትዮጵያም ሆነ በመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች በስፋት የሚገኝ ነው። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቁስለት አይይዛቸውም፤ በተወሰኑት ላይ ግን የጨጓራን ወይም የአንጀትን ግድግዳ እየሸረሸረ እስከ መበሳት ያደርሳል።

ሁለተኛው መንስኤ በየቤቱና በየኪሱ የሚገኝ ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲን፣ አስፕሪንና የመሳሰሉት የሕመም ማስታገሻዎች የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚከላከለውን የተፈጥሮ ጥበቃ ያዳክማሉ። በግንባታ ሥራ ላይ የወገብ ሕመም ያለበት፣ በቤት ሥራ ጉልበቷና ትከሻዋ የሚጠዘጥዛት፣ በየቀኑ ራስ ምታት የሚሰማው ሰው እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታትና ለወራት ሲወስድ ይታያል። ብዙዎች «ከምግብ በኋላ ከወሰድኩት አይጎዳኝም» ወይም «በመርፌ ስለሆነ ጨጓራዬን አይነካም» ይላሉ። ነገር ግን መድኃኒቱ ጉዳት የሚያደርሰው ጨጓራን በቀጥታ በመንካት ብቻ አይደለም። ወደ ደም ከገባ በኋላም የጨጓራን መከላከያ ስለሚቀንስ ምግብም ሆነ መርፌ አደጋውን ሙሉ በሙሉ አያስወግዱም። ሁለት ዓይነት ማስታገሻ አንድ ላይ መውሰድ፣ ከኮርቲዞን ጋር መቀላቀልና ሲጋራ ማጨስ አደጋውን ያባብሳሉ።

ሦስተኛው ትርፍ አንጀት ነው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በእምብርት ዙሪያ ይጀምርና ከሰዓታት በኋላ ወደ ታችኛው የቀኝ ሆድ ይወርዳል፤ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ማቅለሽለሽና ትኩሳት ይከተላሉ። ሳይታከም ከቆየ በቀናት ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል።

አራተኛው ታይፎይድ፣ በአገር ቤት አጠራር የአንጀት ተስቦ ነው። በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ሕክምና ሳያገኝ ሲቀር፣ በተለይ ከሕመሙ ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ፣ የትንሹን አንጀት የመጨረሻ ክፍል ሊበሳ ይችላል። የበሽታው ምልክት ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ ከገባ ከ1 እስከ 3 ሳምንታት በኋላ ስለሚጀምር፣ ለዕረፍት አገር ቤት ሄዶ የተመለሰ ሰው ሕመሙ የሚይዘው ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከጉዞ በኋላ ለቀናት የማይለቅ ትኩሳት የያዘው ሰው ለሐኪሙ ከየት እንደመጣ መንገር የሚገባው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ሌላ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የሚታየው የአንጀት መታጠፍ፣ ተቆልፎ ወደ ውስጥ አልመለስ ያለ ቡአ፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር፣ ከከፍታ መውደቅ፣ የመኪና አደጋና በስለት መወጋት አንጀትን ለመበሳት ይዳርጋሉ። በስህተት የተዋጠ የዓሣ አጥንት ወይም የጥርስ እንጨትም ይህን ሊያደርግ ይችላል። የምግብ ቧንቧም ከኃይለኛ ትውከት በኋላ የሚቀደድበት ጊዜ አለ። ይህን ሁኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ኸርማን ቡርሃቨ ነው። ሐኪሙ ከከባድ ትውከት በኋላ በ1723 የሞተን አንድ የባሕር ኃይል አዛዥ ሬሳ መርምሮ ያገኘውን በ1724 አሳትሟል። ከትውከት በኋላ በድንገት የሚመጣ ኃይለኛ የደረት ሕመም ዛሬም ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ምልክት ነው።

ምልክቶቹን መለየት

የጨጓራ ቁስለት ሲበሳ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት ይመጣል። ታካሚዎች የጀመረበትን ደቂቃ እንኳ ለይተው መናገር ይችላሉ፤ ስሜቱንም በጩቤ ከመወጋት ጋር ያመሳስሉታል። ሕመሙ በላይኛው ሆድ ጀምሮ ወደ መላው ሆድ ይሰራጫል፤ አንዳንዴም በትከሻ ጫፍ ላይ ይሰማል። ይህ የሚሆነው የፈሰሰው ፈሳሽና አየር ዲያፍራም የተባለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ስለሚያስቆጣውና የዚህ ጡንቻ ነርቭ ከትከሻ ነርቮች ጋር ስለሚገናኝ ነው።

የሕመምተኛው አኳኋንም ብዙ ይናገራል። የኩላሊት ጠጠር ወይም ተራ ቁርጠት የያዘው ሰው ይገላበጣል፤ ይነሳል፤ ይቀመጣል። ጨጓራው ወይም አንጀቱ የተበሳበት ሰው ግን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሕመሙን ስለሚያባብስበት ጉልበቱን አጥፎ ሳይንቀሳቀስ ይተኛል። ማሳል ያሠቃየዋል፤ በመኪና ሲሄድ መንገዱ ላይ ያለው ጉብታ ሁሉ ይሰማዋል። ሆዱ ሲነካ እንደ ጣውላ የጠጠረ ነው። ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ፈጣን የልብ ምት፣ የቀዘቀዘ እጅና እግር፣ ቀስ በቀስም ትኩሳትና የሆድ መነፋት ይታያሉ።

ምልክቶቹ የሚደበዝዙባቸው ሰዎችም አሉ። በዕድሜ የገፉ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ኮርቲዞን የሚወስዱ፣ እንዲሁም በሌላ በሽታ የተዳከሙ ሰዎች ቀዳዳው ተከፍቶባቸው ሳለ ቀለል ያለ ሕመም ብቻ ሊሰማቸው ይችላል። ታይፎይድ ያለበት ሰውም ቀድሞውኑ ታምሞ የተኛ በመሆኑ ለውጡ ሳይስተዋል ሊያልፍ ይችላል። በእነዚህ ሰዎች ላይ ትንሽ የሚመስል የሆድ ሕመም ከድካም ወይም ከግራ መጋባት ጋር ከመጣ ሊናቅ አይገባም።

አሳሳቹ እፎይታ

የዚህ ሕመም አደገኛው ጠባይ አንዳንድ ጊዜ በመካከል ጋብ ማለቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሆድ ዕቃው ሽፋን ለተፈጠረበት ቃጠሎ ምላሽ ሲሰጥ ብዙ ፈሳሽ ያመነጫል። ይህ ፈሳሽ አሲዱን ስለሚያቀጥነው ሕመሙ ይቀንሳል። ሕመምተኛው «ተሻለኝ» ይላል፤ አብረውት ያሉትም ይረጋጋሉ። ሆስፒታል የመሄዱ ሐሳብ ይቀራል፤ አንዳንዱም ወደ ሥራው ለመመለስ ይነሳል።

በዚህ ጊዜ ግን በሆድ ውስጥ ባክቴሪያዎች እየተራቡ ነው። ከሰዓታት በኋላ ሆድ ይነፋል፤ ትውከት ይበረታል፤ ትኩሳት ይነሳል፤ ሽንት ይቀንሳል፤ የደም ግፊትም መውረድ ይጀምራል። የትርፍ አንጀት ሕመምም ተመሳሳይ ማታለያ አለው። የተወጠረው ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ለጥቂት ጊዜ እፎይታ ሊሰማ ይችላል፤ ቀጥሎ ግን ሕመሙ መላ ሆድን ያዳርሳል። ስለዚህ እጅግ ከበረታ የሆድ ሕመም በኋላ የሚመጣ ያልተጠበቀ መሻል የመዳን ማረጋገጫ አይደለም። ሐኪም ሳያየው የሚታለፍ ነገርም አይደለም።

የእያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ

የመዘግየትን ዋጋ በቁጥር ካሳዩ ጥናቶች አንዱ በዴንማርክ ተካሂዶ በ2013 የታተመው ነው። ጥናቱ የጨጓራ ወይም የትንሹ አንጀት መነሻ ቁስለታቸው ተበስቶ ከ2003 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 2,668 ታካሚዎች መዝገብ መርምሯል። በውጤቱም ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምናው በዘገየ በእያንዳንዱ ሰዓት በሕይወት የመትረፍ ዕድል ከቀደመው ሰዓት ጋር ሲነጻጸር በአማካይ 2.4 በመቶ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል።

ይህ ስሌት የሚጀምረው ታካሚው ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ ነው። በቤት ውስጥ ኪኒን እየተዋጠ፣ ሥራው እስኪያልቅ እየተጠበቀ፣ «ነገ ካልተሻለኝ እሄዳለሁ» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ በዚህ ላይ ይደመራል። ሆስፒታሎች የራሳቸውን ሰዓት ለማሳጠር ይሠራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግን በሕመምተኛውና በአጠገቡ ባሉት ሰዎች እጅ ናቸው።

በሆስፒታል የሚደረገው

ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ታካሚ በቅድሚያ የደም ግፊቱ፣ የልብ ምቱና አተነፋፈሱ ይለካል። የደም ምርመራ ይደረግለታል፤ በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጠዋል። ቆሞ ወይም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ የደረት ራጅ የሚነሣበት ምክንያት አለ። ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ያመለጠ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በዲያፍራም ሥር ጥቁር ጨረቃ መሰል ቅርጽ ሆኖ ይታያል። ይህ ምልክት በሁሉም ታካሚዎች ላይ ስለማይታይ ጥርጣሬው ካለ ሲቲ ስካን ይከተላል፤ ሲቲ ስካን ትንሽ አየርን እንኳ ያሳያል፤ ብዙውን ጊዜም የቀዳዳውን ቦታ ይጠቁማል።

ቀዳዳ መኖሩ ሲረጋገጥ ፀረ ባክቴሪያና አሲድን የሚቀንስ መድኃኒት በደም ሥር ይጀመራል። በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ በሚገባ ቀጭን ቱቦ የተጠራቀመው ፈሳሽ ይቀዳል፤ የሕመም ማስታገሻም ይሰጣል። ከዚህ በኋላ አብዛኛው ታካሚ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። ቁስለቱ ተበስቶ በቀዶ ሕክምና በመስፋት ሕይወት የተረፈበት የመጀመሪያው የተሳካ ሥራ በ1892 በጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ ሆይስነር የተከናወነው ነው። በ1937 ደግሞ ካናዳዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሮስኮ ግራሃም ቀዳዳውን በሆድ ሞራ የመድፈን ዘዴን ገለጸ። ሞራ አንጀትን እንደ መጋረጃ የሚሸፍነው ስብ ያለበት ሽፋን ነው። ሐኪሙ የደም ዝውውሩን እንደጠበቀ ከሞራው ጥቂት ስቦ በቀዳዳው ላይ ያስቀምጠውና በክር ያስረዋል፤ ሞራውም ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ይድናል። ይህ ዘዴ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። በብዙ ሆስፒታሎች ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ በትንንሽ ቀዳዳዎችና በካሜራ በመታገዝ ይከናወናል። ከድፈናው ጎን ለጎን የሆድ ዕቃው በብዙ ፈሳሽ ይታጠባል።

የተበሳው ትርፍ አንጀት ከሆነ ተቆርጦ ይወጣል። በትልቁ አንጀት ላይ ጉዳቱ ከባድ ሲሆን የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ሰገራ ለተወሰነ ጊዜ በሆድ ላይ ወደሚለጠፍ ከረጢት እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል። ይህን የሰማ ታካሚ መደንገጡ የሚጠበቅ ነው፤ ይሁንና ለብዙዎች ሁኔታው ጊዜያዊ ሲሆን ከወራት በኋላ በሌላ ቀዶ ሕክምና አንጀቱ መልሶ ይገጠማል። ጥቂት የተመረጡ ታካሚዎች፣ ቀዳዳቸው በራሱ የተደፈነና ሁኔታቸው የተረጋጋ ከሆነ፣ በቅርብ ክትትል ያለ ቀዶ ሕክምና ሊታከሙ ይችላሉ። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪም እንጂ ታካሚው በቤቱ አይደለም።

ሆስፒታል እስኪደረስ ድረስ

በድንገት የጀመረ፣ የማይለቅና ሆድን የሚያጠጥር ሕመም ሲያጋጥም የመጀመሪያው እርምጃ አምቡላንስ መጥራት ነው። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የአምቡላንስ ቁጥር 998 ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ በ997፣ በኩዌት በ112፣ በኳታርና በባሕሬን በ999፣ በኦማን በ9999 ይጠራል።

እርዳታ እስኪደርስ ምግብም ሆነ መጠጥ መስጠት አይገባም። ወተት፣ ሻይ፣ የፌጦ ውኃ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ማር ጨጓራን ያበርዳል ተብሎ ቢታሰብም፣ በተበሳ ጨጓራ ውስጥ የሚገባ ሁሉ በቀዳዳው በኩል ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። ማደንዘዣ ለሚሰጠው ታካሚም ባዶ ሆድ የተሻለ ነው። ሆድን ማሸትና ወጌሻ መጥራት ጉዳቱን ያባብሳሉ። የሆድ ማለስለሻ መስጠትም እንዲሁ ነው። ዲክሎፌናክና መሰል ማስታገሻዎችን መጨመር ቁስለቱን ከማክፋቱ በላይ ምልክቱን ሊሸፍን ይችላል። ሕመምተኛው በሚመቸው ሁኔታ ይተኛ፤ ሲወስዳቸው የቆዩት መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው አብረውት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

የቋንቋ ችግር ጊዜ እንዳያባክን ጥቂት የዓረብኛ ቃላትን ማወቅ ይጠቅማል። አምቡላንስ «ኢስዓፍ»፣ ድንገተኛ ክፍል «ተዋሪእ»፣ ሆስፒታል «ሙስተሽፋ» ይባላል። «አለም ሸዲድ ፊ በጥኒ» ማለት «ሆዴን በኃይል አሞኛል» ማለት ሲሆን፣ «ፈጅአ» የሚለው ቃል ሕመሙ በድንገት መጀመሩን ያስረዳል። ለሐኪሙ አራት ነገሮችን መንገር ምርመራውን ያፋጥናል፦ ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ምን ዓይነት ማስታገሻ ለምን ያህል ጊዜ እንደተወሰደ፣ ከዚህ በፊት የጨጓራ ሕመም እንደነበረና እንዳልነበረ፣ እንዲሁም ለመጨረሻ ጊዜ የተበላበትን ሰዓት።

አንዳንድ ሠራተኞች ወጪውን ወይም የአሠሪያቸውን ቅሬታ ፈርተው ሕመማቸውን ይደብቃሉ። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ከጥር 2025 መጀመሪያ ወዲህ በሁሉም ኤምሬቶች ለግሉ ዘርፍና ለቤት ሠራተኞች የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣትም ሆነ ለማደስ የጤና መድን ግዴታ ሆኗል። ሠራተኛ የመድን ካርዱ የት እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል፤ የታመመ ቀን መፈለግ ጊዜ ያባክናል። አሠሪም በኩሉ ሳይንቀሳቀስ በሆዱ ሕመም የተኛን ሠራተኛ እንደ ሥራ ሸሺ ሳይሆን እንደ ድንገተኛ ታካሚ ሊያየው ይገባል።

ሕፃናትን የሚጠብቁ ልብ ሊሉት የሚገባ

በሰው ቤት ልጆችን የሚንከባከቡ ሠራተኞች ሌላ ተጨማሪ አደጋ ማወቅ ይኖርባቸዋል። በአሻንጉሊት፣ በሪሞት፣ በሰዓትና በሚዛን ውስጥ የሚገኘው ሳንቲም መሰል ክብ ባትሪ በሕፃን የምግብ ቧንቧ ላይ ሲጣበቅ በ2 ሰዓት ውስጥ እንኳ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስና ቧንቧውን ሊበሳ ይችላል። ጉዳቱን የሚያደርሰው ባትሪው ከእርጥብ አካል ጋር ሲገናኝ በሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። በመሆኑም «አልቋል» ተብሎ የተጣለ አሮጌ ባትሪም አደገኛ ነው።

ትንንሽ ጠንካራ ማግኔቶችም እንዲሁ ናቸው። አንድ ልጅ ከአንድ በላይ ማግኔት ከዋጠ፣ በተለያዩ የአንጀት ክፍሎች ውስጥ ሆነው ይሳሳቡና በመካከላቸው የቀረውን የአንጀት ግድግዳ ጨፍልቀው ይበሱታል። ልጁ በመጀመሪያ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ልጅ ባትሪ ወይም ማግኔት መዋጡ ከተጠረጠረ «በሰገራ ይወጣል» ብሎ መጠበቅ፣ በግድ ማስታወክ ወይም ምግብ መስጠት አይገባም፤ ወላጆችን ወዲያው ማሳወቅና ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል። ወቀሳን ፈርቶ ዝም ማለት የልጁን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

አስቀድሞ መከላከል

አብዛኛው የቁስለት መበሳት ሊከላከሉት የሚቻል ነው። ለሳምንታት የዘለቀ የላይኛው ሆድ ቃጠሎ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ጥቁር ሬንጅ መሰል ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይኖርበታል። ጥቁር ሰገራና ደም ያለበት ትውከት በተለይ የዚያኑ ቀን መታየት አለባቸው። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በትንፋሽ፣ በሰገራ ወይም በኢንዶስኮፒ ይመረመራል። ሕክምናው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒትን ከፀረ ባክቴሪያዎች ጋር አጣምሮ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀናት መውሰድ ነው። ምልክቱ ስለጠፋ ብቻ መድኃኒቱን በመካከል ማቋረጥ ባክቴሪያው እንዲላመድ ያደርጋል። ከሕክምናው በኋላ ባክቴሪያው መጥፋቱን በድጋሚ ምርመራ ማረጋገጥ ይገባል። ቀዳዳቸው በቀዶ ሕክምና የተደፈነላቸው ታካሚዎችም ይህን ምርመራ ካላደረጉ ቁስለቱ ሊመለስባቸው ይችላል።

የሕመም ማስታገሻ በየቀኑ የሚያስፈልገው ሰው መድኃኒቱን ሳይሆን ሕመሙን ማስመርመር ይቀድመዋል። ፓራሲታሞል ከእነ ዲክሎፌናክ ወገን ባለመሆኑ በተፈቀደው መጠን ሲወሰድ ለጨጓራ የተሻለ አማራጭ ነው፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን ጉበትን ይጎዳል። ለልብ ሕመም አስፕሪን የታዘዘለት ሰው በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ ጨጓራን የሚጠብቅ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።

በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ለመጾም የሚዘጋጅ የቁስለት ታካሚ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይጠቅመዋል፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ከጾሙ ሰዓት ጋር ሊስተካከል ይችላል። ወደ አገር ቤት ለሚጓዙ ደግሞ የታይፎይድ ክትባት፣ የፈላ ወይም የታሸገ ውኃና በደንብ የበሰለ ምግብ ከአንጀት ተስቦ ይጠብቃሉ።

እነዚህ ጥንቃቄዎች ሁሉ አደጋውን ይቀንሳሉ እንጂ ፈጽመው አያጠፉትም። ጨጓራውን አሞት የማያውቅ ጤነኛ ወጣትም አንድ ሌሊት በድንገተኛ ሕመም ሊነቃ ይችላል። በዚያች ሌሊት ሕመምተኛውም ሆነ አብሮት ያለው ሰው ሊያስታውሰው የሚገባው አጭር ነው፦ በድንገት የጀመረ፣ ሆድን እንደ ጣውላ ያጠጠረና መንቀሳቀስ የከለከለ ሕመም በኪኒን አይታለፍም፤ ጋብ ቢልም አይታመንም፤ በአፍ ምንም ሳይሰጥ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ሐኪሙ መርምሮ ተራ የጨጓራ ቃጠሎ ሆኖ ቢያገኘው የሚባክነው አንድ ሌሊት ብቻ ነው።